ለማህፀን ችግር የትኛው ሕክምና፣ የትኛው ሐኪም?

«ጎበዝ የማህፀን ሐኪም የምታውቁ ጠቁሙኝ።» ይህን ያልጠየቀች ወይም ያልተጠየቀች ሴት ያለች አይመስለኝም። መልስ ደግሞ አይጠፋም። አንዷ ያዋለዳትን ሐኪም ትጠቁማለች። ሌላዋ የእህቷን ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ፣ ያወጣውን። ሦስተኛዋ ወረፋ የማይበዛበትን። ሁሉም በቅንነት ነው። ግን ጥያቄው ግማሽ ነው፤ «ለምኑ የጎበዘ?» የሚለው ቀርቷል።

የማህፀን ሕክምና ብዙ ቅርንጫፍ አለው። ማዋለድ ላይ እጁ የተመሰገነ ሰው፣ ማዮማን በካሜራ እያየ በማውጣት ብዙም ልምድ ላይኖረው ይችላል። ልጅ ያልመጣላትን የሚያክም ሌላ ነው። ካንሰር የሚያክም ሌላ፣ የወረደ ማህፀን የሚመልስ ሌላ። ስለዚህ ከሐኪሙ አልጀምርም። መጀመሪያ ችግሩ በስሙ ይታወቅ። ቀጥሎ አንቺ የምትፈልጊው ይታወቅ። የሕክምናው ዓይነት ከሁለቱ ይወጣል። ሐኪሙ የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ማማረጥ የማይቻልበት ጊዜ

ይህ ጽሑፍ ለማሰብ ጊዜ ላላት ነው። አንዳንዱ ነገር ግን ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሞዴስ በየሰዓቱ እየራሰ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ከቀጠለ፣ ብድግ ስትዪ ዓይንሽ ከጨለመብሽ፣ ቁጭ ብለሽም ልብሽ ድው ድው ካለ፣ የጎበዝ ሐኪም ፍለጋው ይቆይ። ቅርብ ያለው ጤና ተቋም ይበቃል። የወር አበባሽ ዘግይቶ ሆድሽን በአንድ በኩል ከቆረጠሽና ደም ካየሽም እንደዚያው፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ አንድ ላይ ከመጡም አይታደርም።

ከዚህ ቀለል የሚል፣ ግን ችላ የማይባል ነገር አለ። የወር አበባዋ ከቆመ 12 ወር ያለፋት ሴት ጠብታ ደም እንኳ ካየች መታየት አለባት። ብዙዎች «ተመልሶ መጣብኝ» ብለው ያልፉታል። ከ 10 ሴቶች 9 ገደማዎቹ ላይ ካንሰር አይገኝም፤ ስለዚህ እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም። ቀሪዋ አንዷ ግን በጊዜ ከመጣች የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነው። ከግንኙነት በኋላ ደም ለምታይ ሴት ደግሞ የማህፀን በሯ በዓይን መታየት አለበት። በስልክ ምክር የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

«ሆርሞን ነው» ብቻ መልስ አይሆንም

ደም በዝቶባት ሄዳ «ሆርሞን ነው» ተብላ ኪኒን ይዛ የምትመለስ ሴት ብዙ ናት። አንዳንዴ እውነትም ሆርሞን ነው። ግን ዓለም አቀፉ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ ፊጎ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ 2011 ያወጣው የምክንያቶች ዝርዝር 9 ምድብ አለው። አራቱ በምስል ወይም በናሙና የሚገኙ ናቸው። ፖሊፕ (ከማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚበቅል ትንሽ ሥጋ)፣ አዴኖማዮሲስ (ሽፋኑ ወደ ማህፀን ጡንቻ ውስጥ ሲገባ)፣ ማዮማ፣ ካንሰርና ቅድመ ካንሰር። የቀሩት በአልትራሳውንድ አይታዩም። የደም መርጋት ችግር አለ፤ እንቁላል በየወሩ በትክክል አለመውጣቱ አለ፤ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የራሱ ችግር አለ፤ መድኃኒት ወይም ሉፕ ያመጣው አለ። የመጨረሻው ምድብ ገና ስም ላልወጣለት ነው። «ሆርሞን» የሚባለው ከነዚህ መካከል አንዱ ነው። ሌሎቹ ተፈትሸው ሲወጡ ብትሰሚው ጥሩ ነው።

«በዛ» የሚባለው መቼ ነው? የድሮው መለኪያ በአንድ ዑደት ከ 80 ሚሊ ሊትር በላይ የሚል ነበር። ማን ይለካዋል? ዛሬ ሐኪሞች የሚጠይቁት ኑሮሽን ነው። ሌሊት ሞዴስ ለመቀየር ትነሺያለሽ ወይ? ሁለት ደርበሽ ትወጫለሽ ወይ? በዚያ ቀን ሥራ ትቀሪያለሽ ወይ? ከ 7 ቀን በላይ ይሄዳል ወይ? ሐኪምሽ ካልጠየቀሽ አንቺው ንገሪው።

ምርመራውም ይለያያል። በሆድ ላይ የሚደረገው አልትራሳውንድ ትልቅ ማዮማ አያመልጠውም። በብልት በኩል የሚገባው ግን ማህፀኑን ከቅርብ ስለሚያይ፣ ትንንሽ ፖሊፕ፣ የሽፋኑን ውፍረትና አዴኖማዮሲስን በተሻለ ያሳያል። ምቾት ባይኖረውም አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ደቂቃዎች ነው። ግንኙነት ጀምራ የማታውቅ ሴት ግን በሆዷ ላይ ትታያለች። ሁለቱ ከቀረቡልሽና እንቢ የሚያስብል ምክንያት ከሌለሽ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ። ማህፀኑ ውስጥ የሆነ ነገር ከተጠረጠረ ጨው ያለው ንጹሕ ውኃ በቀጭን ቱቦ እየገባ አልትራሳውንድ ይነሳል። ወይም ሂስትሮስኮፒ ይደረጋል፤ ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር ገብቶ ውስጡን ያሳያል። ኤምአርአይ ለሁሉም አያስፈልግም። ማዮማው ብዙ ሲሆን፣ አዴኖማዮሲስ ሲጠረጠር ወይም ቀዶ ጥገና ሲታቀድ ይጠቅማል። ዕድሜዋ ከ 45 ዓመት በላይ ሆኖ ደሙ ላልተስተካከለላት ደግሞ ከሽፋኑ ናሙና ይወሰዳል። ይህን ዘሎ በቀጥታ መድኃኒት የሚጽፍ ካለ «ናሙናስ?» ብለሽ ጠይቂ።

የደም ምርመራ የሚረሳ ነገር ነው። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው፣ ከ 12 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ደም ማነስ ነው። ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችት ግን ከሄሞግሎቢን ቀድሞ ይወርዳል። «ደምሽ ልክ ነው» ተብላ ፀጉሯ እየረገፈ፣ ደረጃ መውጣት እያቃታት የምትኖር ሴት ፌሪቲኗ ቢለካ መልሱ እዚያ ሊገኝ ይችላል። ደም የበዛባት ከመጀመሪያው የወር አበባዋ ጀምሮ ከሆነ፣ ጥርስ ስትነቀል ብዙ ከደማች፣ ትንሽ ነካ ሲያደርጋት ሰውነቷ የሚበልዝ ከሆነ የደም መርጋት ይመርመር። እዚህ ላይ የሚያስፈልጋት የደም ሐኪም ነው። የማህፀን ሐኪም ብቻውን ዓመታት ቢያክማት ላይሳካለት ይችላል።

አልትራሳውንዱ ወረቀት ላይ ምን ይፈለጋል?

ቀረብ ብለን አንድ ወረቀት እንይ። «በርካታ ማዮማዎች፣ ትልቁ 5 በ 4 ሴንቲ ሜትር» ይላል። ብዙዋ ሴት እዚህ ቁጥር ላይ ትደነግጣለች። ከመጠኑ በላይ የሚወስነው ግን ማዮማው ያለበት ቦታ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ እሱን አልነገረንም።

ማህፀንን እንደ አንድ ክፍል ቤት አስቢው። ክፍሉ ውስጥ የገባ ማዮማ አለ። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ አለ። ከግድግዳው በውጭ በኩል የተንጠለጠለ አለ። 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ክፍሉ ውስጥ የገባው ደም ያዥጎደጉዳል፤ እርግዝናንም ሊያስቸግር ይችላል። 7 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ውጭ የተንጠለጠለው ደግሞ ምንም ሳይሰማሽ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሲከፋ ፊኛን ተጭኖ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ያመላልሳል። ፊጎ ለቦታው ከ 0 እስከ 8 ቁጥር ሰጥቶታል። 0፣ 1 እና 2 ወደ ውስጥ የገቡት ናቸው። ቁጥሩ ሪፖርትሽ ላይ ከሌለ «ማዮማው ወደ ማህፀኑ ውስጥ ገብቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይንጠለጠላል።

ሐኪሙ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ቀዶ ጥገና ቀን ከሚቆርጥ ራሱ አልትራሳውንዱን አንሥቶ፣ ወረቀት ላይ ማህፀን ሥሎ፣ «ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ነው» ቢልሽ ይመረጣል። ለእኔ ይህ ከብዙ ሰርተፍኬት ይበልጣል።

አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?

ሐኪሙ ይህን ማወቅ አይችልም። ልጅ መውለድ ትፈልጊያለሽ? ገና ካልወሰንሽ «አልወሰንኩም» ማለት በቂ መልስ ነው። ማህፀንሽ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ? ከልጅ ጋር ሳይገናኝ እንዲሁ አካሌ ነው ብላ ማቆየት የምትፈልግ አለች፤ ተገላግዬ ልረፍ የምትል አለች። ሁለቷም ልክ ናቸው። የሚያስቸግርሽ ደሙ ነው፣ ሕመሙ ነው፣ ወይስ የሆድሽ ማበጥ? ለማረጥ ምን ያህል ቀርቶሻል? ስንት ሳምንት ከሥራ መቅረት ትችያለሽ? እነዚህን በስልክሽ ላይ ጽፈሽ ግቢ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ነገር ከአእምሮ ብን ይላል።

አማራጮቹን ጎን ለጎን ስናያቸው

ምንም ሳያደርጉ መከታተል አንዱ አማራጭ ነው፤ ግን ማንም ሲያቀርበው አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ 2003 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እስከ 50 ዓመታቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች 80 በመቶ በላይ፣ ከነጮች ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ማዮማ እንደሚኖርባቸው አሳይቷል። ብዙዎቹ አያውቁትም። ምልክት ከሌለሽ፣ ሄሞግሎቢንሽ ደህና ከሆነ፣ በየተወሰነ ጊዜ መታየት ይበቃል። ካረጥሽ በኋላ አብዛኛው ማዮማ ይሟሽሻል። ካረጡ በኋላ የሚያድግ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይመርመር።

መድኃኒቶች ደሙን ይቀንሳሉ እንጂ ማዮማውን ነቅለው አይጥሉም። ትራኔክሳሚክ አሲድ ሆርሞን አይደለም። የሚወሰደው ደሙ በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ ነው፤ እርግዝናንም አይከለክልም። የደም መርጋት ታሪክ ላላት ግን አይሆንም። አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሳል፣ ደሙንም በመጠኑ ይቀንሳል። ጨጓራና ኩላሊት ያለባት ትጠንቀቅ።

ሉፕ ላይ ቆም እንበል። ግራ የሚያጋባው እዚህ ነው። የመዳብ ሉፕ ደም ያበዛል። ሆርሞን ያለው ሉፕ ግን በተቃራኒው ደም ከሚቀንሱት መድኃኒቶች ሁሉ የተሻለው ነው ማለት ይቻላል። 52 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል የያዘው ዓይነት ለብዙ ሴቶች የወር አበባውን ወደ ጠብታ ያወርደዋል፤ ለአንዳንዷ ጭራሽ ያቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ ከ 3 እስከ 6 ወራት ጠብ ጠብ እያለ ያሰለቻል። ያኔ ነው ብዙዋ «አልተስማማኝም» ብላ የምታስወጣው። ትንሽ ብትታገሥ ጥሩ ነበር። ማዮማው ማህፀኑን ውስጥ ለውስጥ ያጣመመባት ሴት ላይ ግን ሉፑ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ሉፕ ላስገባልሽ» ሲባል «የትኛውን?» ማለት ያስፈልጋል።

ማዮማውን የሚያኮማትሩ መርፌዎችም አሉ። ሰውነትን ለጊዜው እንዳረጠ ያደርጉታል። ሙቀት ያመጣሉ፤ ሲቆዩ አጥንት ያሳሳሉ። ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ጥገና በፊት ለ 3 ወር ያህል የወረደው ደም እንዲሞላ ይሰጣሉ። ሲቆሙ ማዮማው ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ 2021 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ ሬሉጎሊክስን ከአነስተኛ ሆርሞን ጋር ያቀላቀለው ኪኒን እስከ 24 ወር ይወሰዳል። ኡሊፕሪስታል የሚባለው ሌላ ኪኒን ደግሞ ከባድ የጉበት ጉዳት በማስከተሉ እ.ኤ.አ. በ 2020 የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ አጠቃቀሙን በእጅጉ አጥብቦታል። አሮጌ ማዘዣ በእጅሽ ካለ ዝም ብለሽ አትቀጥዪ። «እጢውን አሟሙቶ ያወጣል» ተብሎ በጠርሙስ ስለሚሸጠው ግን ብዙ አልልም። አያወጣም።

ወደ ቀዶ ጥገና ስንመጣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ማዮማው ወይም ፖሊፑ ክፍሉ ውስጥ ከሆነ በሂስትሮስኮፒ ይወጣል። ሆድ አይከፈትም። ብዙዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። 3 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ማዮማ ክፍሉ ውስጥ ያለባትን ሴት ሆዷን ልክፈት የሚል ሐኪም ካጋጠማት ሌላ ሐኪም ትጠይቅ።

ግድግዳ ውስጥ ወይም ውጭ ያለውን ማህፀኑን ሳያወጡ መንቀል ማዮሜክቶሚ ይባላል። ልጅ ለምትፈልግ የሚመረጠው ይሄ ነው። በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ከተሠራ ማገገሙ ከ 2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ሆድ ተከፍቶ ከተሠራ 6 ሳምንት ያህል። ታዲያ ሁሌ በቀዳዳ አይሻልም ወይ? አይደለም። ማዮማው በጣም ብዙ ወይም በጣም ትልቅ ከሆነ፣ እንደ ሐኪሙ ልምድ፣ ከፍቶ ጥሩ አድርጎ መስፋቱ ለሚቀጥለው እርግዝና ይበጃል። ቀዳዳው ስላነሰ ብቻ ሕክምናው ተሻለ አይባልም። ሌላው፣ በቀዳዳ ሲሠራ ማዮማው በማሽን ተፈጭቶ ሊወጣ ይችላል። ማዮማ የመሰለ ካንሰር አልፎ አልፎ ስለሚኖርና ሲፈጭ ስለሚሰራጭ፣ እ.ኤ.አ. በ 2014 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። «ይፈጫል ወይ? በከረጢት ውስጥ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብትሽ ነው። ማዮሜክቶሚ አንድ ድክመት አለው። የተነቀለው አይመለስም፤ ሌላ አዲስ ግን ሊበቅል ይችላል።

ኢምቦላይዜሽን የሚሠራው በማህፀን ሐኪም አይደለም። በምስል እየታገዘ ደም ሥር ውስጥ የሚሠራ ራዲዮሎጂስት ነው። ከእጅ አንጓ ወይም ከጭን ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ማዮማውን የሚመግበውን ደም ሥር ይዘጋዋል። ማህፀኑ ይቀራል፤ ሆድ አይቆረጥም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ጠንከር ይላል፤ በአንድና ሁለት ሳምንት ግን ብዙዋ ሥራ ትገባለች። በ 5 ዓመት ውስጥ ከ 3 ወይም ከ 4 ሴቶች አንዷ ሌላ ሕክምና ያስፈልጋታል። ልጅ ለሚፈልጉ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ይህን አማራጭ ብዙ ሴቶች የማይሰሙት ለምን ይመስልሻል? የማህፀን ሐኪሙ ራሱ ስለማይሠራው ነው። ክፋት የለውም፤ ሰው የሚያውቀውን ያቀርባል።

የማህፀኑን ሽፋን በሙቀት ማቃጠልም አለ። ደሙ ለበዛባትና መውለድ ለጨረሰች ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መፀነስ አደገኛ ስለሆነ መከላከያ አብሮ ያስፈልጋል።

ማህፀን ማውጣት የመጨረሻው ነው። «የመጨረሻ» ስል የሚያስፈራ ማለቴ አይደለም፤ ደሙም ማዮማውም አይመለስም ማለቴ ነው። ሁሉን ሞክራ ለደከማት፣ መውለድ ላቆመች ሴት ትልቅ እፎይታ ነው። እዚህ ላይ የሚጠየቀው በየት በኩል ይወጣል የሚለው ነው። በብልት በኩል ወይም በላፓራስኮፒ ከተቻለ ሆድ ከመክፈት ማገገሙ ይፈጥናል። ሁለተኛው ጥያቄ ኦቫሪዎቹ፣ ማለትም እንቁላልና ሆርሞን የሚያመርቱት፣ ይወጣሉ ወይ ነው። ማህፀን መውጣቱ ብቻውን ማረጥን ወዲያው አያመጣም። ኦቫሪዎቹ ካልተነኩ ሆርሞን መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ማረጡ ትንሽ ሊቀድም ይችላል። ከማረጥሽ በፊት ሁለቱም ከወጡ ግን በአንድ ቀን ታርጫለሽ። ስለዚህ «አብረን እናውጣቸው» ሲባል ምክንያቱን ሳትሰሚ አትፈርሚ። ሦስተኛው፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ መደረጉን አረጋግጪ። ያልታወቀ የማህፀን በር ካንሰር እያለ ተራ ማህፀን ማውጣት ከተሠራ ሕክምናው ይበላሻል።

ማዮማ ያልሆኑት

ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ ሲበቅል፣ ሌላ ዓለም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ፣ 190 ሚሊዮን ያህል፣ አለባቸው ይላል። ስሙን ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ አንዱ ምክንያት «የወር አበባ ያማል፣ ምን አዲስ ነገር አለ» መባሉ ነው። አልትራሳውንድ ደህና ማለቱ የለም ማለት አይደለም። ድሮ በላፓራስኮፒ ሳይታይ አይባልም ነበር፤ አሁን ምልክቱ ከገለጸው መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ቀዶ ጥገና ከተወሰነ ግን ይህንኑ ደጋግሞ የሚሠራ ሐኪም ፈልጊ። አንጀትና ፊኛ ላይ ከተጣበቀ እጅ ያልፈታ ሰው የሚነካው ነገር አይደለም።

ማህፀን ወደ ታች መውረድ በአብዛኛው አያጣድፍም። መለስተኛ ከሆነ በባለሙያ የሚመራ የታችኛው ጡንቻ ልምምድ ለ 4 ወር ያህል ይሞከራል። ፔሳሪ የሚባል ቀለበት ደግሞ በብልት ውስጥ ገብቶ ማህፀኑን ይደግፋል፤ እየወጣ ይታጠባል። ቀዶ ጥገና ካልፈለግሽ በዚህ ብቻ ለዓመታት መኖር ትችያለሽ። በብልት በኩል የሚገባ መረብ ከቀረበልሽ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ 2019 አሜሪካ ለዚህ ተብሎ መሸጡን እንዳስቆመች እወቂ።

የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ተገኝቶብሽ «ማህፀንሽ ይውጣ» ከተባልሽ ቆም በዪ። ብዙውን ጊዜ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ሕክምና፣ ካልሆነም የታመመውን ክፍል ብቻ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ በማንሳት ይታከማል። ካንሰር ከተረጋገጠ ግን አትማረጪ፤ የማህፀን ካንሰር ስፔሻሊስት ጋ ሂጂ።

አሁን ሐኪሙን እንምረጥ

ጠቅላላ ሐኪም ለመጀመሪያው ፍተሻ፣ ለደም ማነሱና ለሪፈር ይበቃል። የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት አብዛኛውን ነገር ይይዛል። ከዚያ በላይ ያሉት ሰብ-ስፔሻሊስቶች ናቸው። ካንሰር ወይም ጥርጣሬው ካለ የማህፀን ካንሰር ሐኪም። ልጅ ካልመጣ የመካንነት ሐኪም። ማህፀን ከወረደ ወይም ሽንት ካመለጠ ዩሮጋይኔኮሎጂስት። ኢንዶሜትሪዮሲስና ማዮማ በካሜራ ለማውጣት ደግሞ ላፓራስኮፒ ላይ የሠለጠነ።

ከማዕረጉ በላይ ግን የሥራው ድግግሞሽ ይናገራል። አንድን ቀዶ ጥገና አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠሩ ሐኪሞች ጋ ችግር እንደሚበዛ በብዙ አገር ታይቷል። «ይህን ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት ይመስላል። አይደለም። ጥሩ ሐኪም ያለ ቅሬታ ይመልሳል። የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አገኘሽ። ሌላዋ ጥያቄ «እህትዎ ብሆን ምን ይመክሩኝ ነበር?» ትባላለች፤ ብዙ ሰው ይወዳታል። እኔ ግን ብዙም አላምንባትም፤ የምትነግርሽ የሐኪሙን ፍላጎት ነው። «እርስዎ የማይሠሩት፣ ለእኔ ግን የሚሆን ሌላ አማራጭ አለ?» የምትለው ትሻላለች።

የሴት ሐኪም ወይስ የወንድ? ልብሽ የሚከፈትለት ጋ ሂጂ። የግንኙነት ሕመም፣ ያለፈ ውርጃ፣ የደረሰብሽ ጥቃት ካለ ሳትነግሪው የሚያክምሽ ሐኪም በግማሽ መረጃ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ክህደት አይደለም። ማህፀንሽ ሊወጣ ነው ከተባለ፣ ካንሰር ከተባለ፣ ወይም በመጀመሪያው ቀጠሮ ምንም አማራጭ ሳይነገርሽ የቀዶ ጥገና ቀን ከተቆረጠ፣ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ። የአልትራሳውንድ ምስሉን እንጂ ወረቀቱን ብቻ አትያዢ። የፓቶሎጂ ስላይዱም፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የታየው ናሙና፣ እንደገና ሊነበብ ይችላል። ሁለቱ ሐኪሞች ከተለያዩ ወደ ሦስተኛ ከመሮጥሽ በፊት የተለያዩበትን ነጥብ ለይተሽ ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ የተለያዩት በበሽታው ሳይሆን «ልጅ ትፈልጋለች ወይ» በሚለው ግምት ላይ ነው።

ቀጠሮው እስኪደርስ

የወር አበባሽን መዝግቢ። የጀመረበትን ቀን፣ የሞዴስ ብዛት፣ የረጋ ደም፣ ሕመሙ ከ 10 ስንት እንደሆነ። የሁለት ሦስት ወር መዝገብ ሐኪሙ ፊት ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። ብረት ከታዘዘልሽ ከሻይና ቡና አርቀሽ ውሰጂው። ሆድ ካደረቀሽ አንድ ቀን እያለፉ መውሰድም እንደሚሠራ ሐኪምሽን ጠይቂ። ደምሽ በጣም ወርዶ ቀዶ ጥገናው ከቀረበ ብረት በደም ሥር ይሰጣል። ደም ማነስን ሳያክሙ ወደ ቀዶ ጥገና መግባት የሌላ ሰው ደም መቀበል እንዲያስፈልግ ራስን ማጋለጥ ነው።

ባልሽ ወይም አንድ የምታምኚው ሰው አብሮሽ ይግባ። ሁለት ጆሮ ከአንድ ይሻላል፤ አንዱ ይጻፍ። «ነርቭ ነው»፣ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚሉሽን ቤተሰቦች ደግሞ ለማሳመን ኃይልሽን አትጨርሺ።

ቀዶ ጥገና ከተሠራልሽ ከሆስፒታል ስትወጪ ሁለት ወረቀት ጠይቀሽ ያዢ። አንዱ የፓቶሎጂ ውጤት ነው፤ ይደርሳል ከተባለ የሚደርስበትን ቀን ጽፈሽ ያዢ፣ ራስሽ ሄደሽ ጠይቂ። ሁለተኛው የቀዶ ጥገናው ማስታወሻ ነው። ማዮሜክቶሚ ከሆነ በጥልቀት ተቆርጦ እስከ ማህፀኑ ውስጥ ተገብቶ እንደሆነ እዚያ ላይ ይጻፋል። ብትፀንሺ የሚያዋልድሽ ሐኪም በምጥ ነው ወይስ በኦፕሬሽን የሚለውን የሚወስነው ያንን አንብቦ ነው።